ለመሪጌታ የተነሣሁባት ቀን

እኔ ሰው ሲመጣ ቁጭ ብዬ መቅረት አልችልም። እናቴ አንበሳሜ ላይ ስታሳድገኝ ከሁሉ አስቀድማ ያስተማረችኝ መነሣትን ነው። ትልቅ ሰው በበሩ ብቅ ሲል ጉርሻዬ አፌ ውስጥ እያለ ብድግ እላለሁ፤ «ኖር» እላለሁ፤ ሰውየው «በእግዜር» እስኪል ቆሜ እጠብቃለሁ። አውቶቡስ ውስጥ አንዴ ከተነሣሁ መንገዱ እስኪያልቅ አልቀመጥም፤ ከእኔ የሚበልጥ ሰው መቼም አይጠፋም። ይህ ጠባይ ዕድሜዬን ሙሉ ሲያስመሰግነኝ ኖሮ አንድ ቀን ነፍስ ሊያስጠፋኝ ነበር። እንዴት እንደሆነ ላውጋችሁ።

ያን ጊዜ ባሕር ዳር ውስጥ የመናፈሻና የአትክልት ሥራ በሚሠራ ድርጅት የማሽን ኦፕሬተር ነበርሁ። አሁንም ነኝ። የምነዳት ስኪድ ሎደር የምትባለዋን ትንሽ ማሽን ነው። ላላያችኋት፣ ከባጃጅ እምብዛም የማትረዝም፣ አራት ጎማ ያላት፣ መሪ የሌላት ነገር ናት። በመሪ ፈንታ በግራና በቀኝ ሁለት ዘንጎች አሏት። ሁለቱን ስትገፏቸው ወደ ፊት ትሄዳለች፤ አንዱን ብቻ ከገፋችሁ ባለችበት ትዞራለች። ሣር ለማጨድ ሲሆን ከፊቷ ያለው አካፋ ይፈታና ከሥሩ ስለት የሚሽከረከርበት ሰፊ የብረት ማጨጃ ይገጠምላታል። ማጨጃውን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው በእግር የሚረገጥ ፔዳል ነው። በጎኗ በር የላትም። የምትገቡትም የምትወጡትም በፊት ለፊት፣ በዚያው በማጨጃው ላይ ተራምዳችሁ ነው። ይህን ያዙልኝ፣ በኋላ ያስፈልጋችኋል።

የደህንነት ኃላፊያችን ሄለን ትባላለች፤ የሐዋሳ ልጅ ናት። ድምፅዋ ቀጭን፣ ትእዛዝዋ ወፍራም ነው። ማሽኗን ስታስረክበኝ ግማሽ ቀን አስተማረችኝ። ቀበቶውን ሳታስር፣ ጭንህ ላይ የሚወርደውን ብረት ሳታወርድ ሞተር እንዳትነካ አለች። መስኩን አስቀድመህ በእግርህ ዙረው፣ ድንጋይና ሽቦ ልቀም፤ ስለቱ ድንጋይ ካገኘ እንደ ጥይት ነው የሚወረውረው አለች። ሰው በአርባ እርምጃ ውስጥ ካለ አቁም አለች። ለመውረድ ደግሞ ማጨጃው መሬት ይንካ፣ ሞተሩ ይጥፋ፣ ስለቱ ቀጥ ይበል። ብትረሳ እንኳ ማሽኗ አትረሳም፤ ከመቀመጫው ከተነሣህ በራሷ ቀጥ ትላለች አለችኝ። በመጨረሻ የነገረችኝን ግን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ።

«ደሳለኝ፣ እዚህ ወንበር ላይ እስካለህ ድረስ ንጉሥ ነህ። ንጉሥ ለማንም አይነሳም።»

ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

በዚያው ሰሞን ትዳር ፈልጌ ነበር። ትዕግሥት ፔዳ በሚባለው ሰፈር ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ራሴን ሳያመኝ የራስ ምታት መድኃኒት ስገዛ ምስጢሩ የገባት እሷው ናት። አባቷ መሪጌታ ይትባረክ ይባላሉ። በሐይቁ ዳር፣ ከከተማው ጥቂት ወጣ ብሎ ባለ ደብር ያስተምራሉ። ሽማግሌ ላክሁ። መሪጌታ ሽማግሌዎቼን በክብር ተቀብለው፣ በክብር አብልተው፣ በክብር ባዶ እጃቸውን ሸኟቸው። «ልጁን አላውቀውም። በዓይኔ ልየውና እነግራችኋለሁ» አሉ። ትዕግሥትም ስትነግረኝ፣ አባቷ ሰው የሚመዝኑት በአንድ ነገር ነው፤ ትልቅ ሰው ሲያይ በመነሣቱ። እግዜር ይመስገን አልሁ። ሌላ ፈተና ቢሆን እፈራ ነበር፤ በመነሣት ግን ማን ይበልጠኛል?

ወሩ ኅዳር ነው። የደብሩ ንግሥ ሊደርስ ሦስት ቀን ሲቀረው ድርጅታችን ታቦቱ የሚያርፍበትን ሜዳ በበጎ ፈቃድ እንድናጭድ ተስማማ። በየዓመቱ የሰበካው ወጣቶች በማጭድ ያጭዱት ነበር። ክረምቱ ጥሩ ዘንቦ ስለነበር ሣሩ ወገብ ይደርሳል። ማሽኗን ይዤ ሄድሁ።

ሜዳውን ለሁለት ከፍሎ የሚያልፍ የእግር መንገድ እንዳለ የሚነግረኝ አልነበረም። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚሄድ ሁሉ በዚያ ያልፋል። ገና አንድ መስመር ሳልጨርስ አንድ ቄስ መጡ። ብድግ አልሁ፤ ማሽኗ ጸጥ አለች። እንደገና ተቀመጥሁ፣ ብረቱን አወረድሁ፣ አስነሣሁ። ሁለት እማሆይ መጡ። ብድግ። ጸጥ። የሰንበቴ ማኅበር ሽማግሌዎች በየተራ፣ በመካከላቸው ሰፊ ክፍተት እየተዉ መጡ፤ ተማክረው የመጡ ነው የሚመስለው። እስከ ቀትር ያጨድሁት አንድ አውድማ አይሞላም። መሪጌታ እኔ ተቀምጬ ያዩኝ እንደሆነስ የሚለው ስጋት ደግሞ ልቤን ይበላዋል። በዚህ ዓይነት ንግሡም ይደርሳል፣ ሣሩም ይቆማል፣ ትዕግሥትም ትቀራለች።

ከምሳ በኋላ ብልኀት መጣልኝ። ከመቀመጫው ሥር፣ ማሽኗ ሰው መነሣቱን የምታውቅበትን ነገር በአንዲት ሽቦ አሞኘሁት። ከዚያ ወዲያ ብነሣም ብቀመጥም አልሰማ አለች። ቀበቶ ማሠር ተውሁ፤ በየደቂቃው ማን ይፈታዋል? የጭኑንም ብረት ወደ ላይ ሰቅዬ ተውሁት። ሄለን የሰጠችኝን የቆዳ ጫማ ክር ፈትቼ ተረከዙን ረገጥሁት፤ ታቦት የሚያርፍበት መሬት ነውና ስወርድ ቶሎ ላወልቀው ብዬ። ያን ቀን ማታ እየዘፈንሁ ገባሁ። ሥራና ትሕትናን ያስታረቅሁ መስሎኝ ነበር።

በማግስቱ ከጧቱ አራት ሰዓት ላይ በሜዳው ጫፍ፣ ዋርካው አጠገብ እያጨድሁ ነበር። ዋርካው ላይ የደብሩ ደወል ተሰቅሏል። ከዋርካው ወዲህ ያለችውን ቦታ በእግሬ አልዞርኋትም፤ ጊዜ አጥሮኝ «ትንሽ ናት» ብዬ አልፌያት ነበር። መሪጌታ ከዋርካው ሥር ብቅ አሉ። ነጭ ጋቢ፣ ነጭ ጥምጥም፣ በግራ እጃቸው መቋሚያ፣ በቀኝ የተዘረጋ ጥቁር ጥላ። ከመንገዱ ወጥተው ቀጥታ ወደ እኔ ሲመጡ ለምን እንደመጡ ገባኝ። ልጁን በዓይናቸው ሊያዩት ነው።

ማጨጃውን አውርጄ፣ ሞተር አጥፍቼ፣ ስለቱ እስኪቆም ጠብቄ ልውረድ? እስከዚያ ድረስ እኒያን የመሰሉ ሰው ቆመው እኔ ተቀምጬ? አይደረግም።

«ኖር!» ብዬ ብድግ አልሁ።

ከዚያ በኋላ የሆነው አንድ አቡነ ዘበሰማያት የሚደገምበትን ጊዜ እንኳ አልፈጀም። በመጀመሪያ አናቴ ከጣሪያው ብረት ጋር ተጋጨ። ጎንበስ አልሁ፤ መጎንበሴም ትሕትና ሆኖ እንደሚታይልኝ አስቤ፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ በዚያች ቅጽበት ደስ አለኝ። ልወርድ ቀኝ እግሬን በፊት ለፊት አወጣሁ። ግራ እግሬ ፔዳሉን ረገጠ። ማጨጃው ስለቱ እየተሽከረከረ እስከ ጉልበት ከፍ አለ። የጃኬቴ ኪስ አንዱን ዘንግ ጠለፈው፤ ማሽኗም ባለችበት ዞረችና ፊቷን ወደ መሪጌታ መለሰች።

«በእግዚ...» አሉ መሪጌታ።

ቋ! የሚል ድምፅ ሰማሁ። ከማጨጃው ሥር አንድ ነገር ተወርውሮ ወጣ። የመሪጌታ ጥላ «ዷ» አለ። ወዲያው ከኋላቸው ዋርካው ላይ ያለው ደወል ደወለ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ጥርት ብሎ፣ ሐይቁን ተሻግሮ የሚሰማ ደወል።

በዚያው ቅጽበት ቀኝ ጫማዬ ከእግሬ ወልቆ ወደቀ። ማጨጃው አንዴ አነቀውና ዋጠው። ማሽኗ ስትንገጫገጭ እኔን ወደ ኋላ ገፍታ መቀመጫው ላይ ዘጭ አደረገችኝ። ጫማዬ ክሩ ታስሮ ቢሆን ኖሮ እግሬን ይዞት ይሄድ ነበር፤ እግሬን ባላወጣው ኖሮ ደግሞ ጫማዬም ባልወደቀ። ቁልፉን አዞርሁ። ሞተሩ ጠፍቶም ስለቱ ወዲያው አልቆመም፤ ሹ... እያለ እየደከመ ሄደ። ያንን ድምፅ እስክሞት አልረሳውም።

«...አብሔር» ብለው መሪጌታ ሰላምታውን ጨረሱ። «ተቀመጥ፣ ልጄ።»

ከቆሙበት አንድ ጋት አልተነቃነቁም። «መሪጌታ፣ መታዎት?» አልሁ። እሳቸው ግን ቀስ ብለው ቀና አሉ፤ በጥላቸው ላይ ቡጢ የምታህል ቀዳዳ አለች፤ ከጥምጥማቸው አራት ጣት ብቻ ከፍ ትላለች። በቀዳዳዋ ሰማዩን አዩ። ዞረው ደወሉን አዩ። ከደወሉ ሥር የወደቀውን ነገር በመቋሚያቸው ገለበጡት። ግማሽ ጉልቻ ነው። አምና በንግሡ የሰበካው ሴቶች ዝክር ያበሰሉበት ጉልቻ ሣሩ ውስጥ ተረስቶ ነበር፤ ጥቀርሻው ገና አልለቀቀውም።

እኔ እዚያው መቀመጫው ላይ ሆኜ አለቀስሁ። ወንድ ልጅ ምናምን አትበሉኝ፤ አለቀስሁ።

ያለ ሰዓቱ ደወል ተደውሎ ሰው ዝም ይላል? መጀመሪያ ሴቶች ውኃ በባልዲ ይዘው ደረሱ፤ እሳት መስሏቸው። ወንዶች ዱላ ይዘው ደረሱ፤ ሌባ መስሏቸው። ዓሣ አጥማጆች ታንኳቸውን ዳር ጥለው መቅዘፊያ ይዘው መጡ፤ ለምን እንደመጡ እነሱም አያውቁም። ከእማሆዮች አንዷ ከማጨጃው ሥር የተበጫጨቀ ጫማ አነሡና ኡኡታቸውን አቀለጡት፤ እግሩን በላው ብለው። እግሬን አውጥቼ አሳየኋቸው። አላመኑም። ጣቶቼን አንድ ባንድ ቆጥረው አምስት ሲሆኑ ነው ያማተቡት።

በዚህ መሐል ሄለን በባጃጅ ደረሰች። ለቁጥጥር እየመጣች ነበር፤ ደወሉን መንገድ ላይ ሰምታለች። ሕዝቡን አየች፣ የተሰቀለውን ማጨጃ አየች፣ ባዶ እግሬን አየች። እኔን አንዲት ቃል አልጠየቀችኝም። ቁልፉን ከእጄ ወስዳ ማጨጃውን መሬት ካስነካች በኋላ ከመቀመጫው ሥር እጇን ሰደደችና ሽቦዋን መዝዛ አወጣቻት።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች።

መሪጌታ ቀረብ አሉ። ሽቦዋ ምን እንደሆነች እሳቸውም ለመስማት ፈለጉ። ሄለን በአክብሮት አስረዳቻቸው፤ ማሽኗ ሰው ሲነሣ በራሷ እንድትቆም የተሠራች ናት፣ እሱ ደግሞ እንዳትቆም አሰራት አለች። መሪጌታ ወደ እኔ ዞሩ።

«ለምን አሰርኻት?»

«መሪጌታ፣ በመጡ ቁጥር ልነሣልዎ ብዬ ነው» አልሁ።

ከዓሣ አጥማጆቹ አንዱ ሳቁን መያዝ አልቻለም፤ ሌላውም ተከተለው። ጣና ተከፍቶ ቢውጠኝ በወደድሁ። ያችን ቀን ትዕግሥትን ያጣሁ መሰለኝ። እሳቸው ግን አልሳቁም፣ አልተቆጡም። እንደ ተማሪ ይጠይቁኝ ጀመር።

«ታስቀድሳለህ?»

«አስቀድሳለሁ።»

«ቄሱ መንበሩ ፊት ቆሞ ሳለ እኔ ብገባ፣ ዞሮ እጅ ይነሣኛል?»

«የለም።»

«ንጉሥ ቢገባስ?»

«ንጉሥም ቢገባ አይዞርም።»

«እና ቄሱ ስድ አደግ ነው?»

«አይደለም።»

«ቄሱ በእጁ የያዘውን ያውቃል» አሉ መሪጌታ። «አንተ በእጅህ የያዝኸውን አላወቅህም። ለእኔ ስትነሣ እኔኑ ልትገድለኝ ነበር።»

ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞሩ። ደወሉ እንዲያው ተደውሎ እንዳይቀር ትምህርት አደረጉት። ሣሩ እስኪታጨድ በሜዳው የሚያልፍ እንዳይኖር፣ ማሽኗ ስትሠራ ከአርባ እርምጃ እንዳይቀርቡ፣ ከዚህ ልጅም ኖር የሚጠብቅ እንዳይኖር ነገሩ። ቄስም ይሁን እማሆይ አሉ። ሄለን አፏን ከፍታ ትሰማቸዋለች፤ እሷ ስንት ስብሰባ ጠርታ ያልሆነላትን እሳቸው በአንድ ደወል ጨረሱት።

ሕዝቡ ሲበተን ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«እሷ ትፍቀድልህና ሣሩን ጨርስ። እኔ ከሰዓት በኋላ በዚህ እመላለሳለሁ። ከተነሣህ ልጄን እርሳት።»

ሄለን ቶሎ አልፈቀደችም። ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር በእግሬ አስዞረችኝ፤ በአንድ ጫማ። ሌሎቹን ሁለት ጉልቻዎች አገኘኋቸው፤ የተሰበረ ጀበና፣ የድንኳን ካስማ፣ የማን እንደሆነ ያልታወቀ ማጭድም አገኘሁ። በዚያች በናቅኋት ቦታ ብቻ ግማሽ ጆንያ ሞላሁ። ከዚያ ከድርጅቱ ሌላ ጫማ አስመጥታ ክሩን ራሷ አሰረችልኝ፣ እንደ ሕፃን። ቀበቶውን ሳስር አየችኝ፤ ብረቱን ሳወርድ አየችኝ። መቀመጫው ሥር ያለውን ሞከረችና ማሽኗ ቀጥ ስትል ደስ አላት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ መሪጌታ በሩቅ መጡ። አርባ እርምጃ ላይ ቆመው ጉሮሯቸውን አጸዱ። በሞተሩ ድምፅ አልሰማሁም፤ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ግን አየሁ። ጉልበቴ ብድግ ሊል ቃጣው፤ ብረቱ ያዘው። ዓይኔን ሣሩ ላይ ተከልሁ። ጥቂት ቆይተው ሁለት ሸበቶ ሽማግሌ አስከትለው ተመለሱ። ሦስቱም ተሰልፈው አዩኝ። እውነቴን ነው፣ እንደዚያ የከበደኝ ሥራ የለም፤ ድንጋይ መሸከም ይቀላል።

በሦስተኛው ጊዜ ከእሳቸው ጋር የመጣችው እናቴ ናት።

ለንግሡ ከአንበሳሜ መምጣቷ ነበር። እኔን ስትጠይቅ መሪጌታ በደብሩ በር ላይ አግኝተዋት ምንም ሳይነግሯት ይዘዋት መጡ። ስድስት ወር አላየኋትም። ነጠላዋን አስተካክላ፣ እጆቿን ዘርግታ ቆመች። እኔ ተቀምጬ ነዳሁ። እጇን አወረደች። ከንፈሯ «ደሳለኝ» ሲል አነበብሁት። ተቀምጬ ነዳሁ። ፊቷ ሲለወጥ አየሁ፤ ያሳደገችው ልጅ ከተማ ገብቶ የተበላሸባት እናት ፊት ነው። መስመሩ ሃያ ሜትር ቢቀረው ነው፤ ለእኔ ግን ከሐይቁ ማዶ፣ እስከ ደልጊ የሚደርስ መሰለኝ። ዳር ደረስሁ። ማጨጃውን አወረድሁ። ሞተሩን አጠፋሁ። ስለቱ ሹ... እያለ እስኪቆም በልቤ አቡነ ዘበሰማያት ደገምሁ። ብረቱን አነሣሁ፣ ቀበቶ ፈታሁ፣ ወረድሁ፣ ሮጥሁና ጉልበቷ ላይ ወደቅሁ።

እናቴ ፊቷን አዞረች።

«ይህን ልጅ ያሳደጉት እርስዎ ነዎት?» አሏት መሪጌታ።

«እንዲህ አድርጌ አላሳደግሁትም» አለች።

«ተነሥቶ ቢሆን ኖሮ ልጄን አልድርለትም ነበር» አሉ መሪጌታ። «አሁን ሽማግሌዎቹን ይላክ።»

እናቴ ነገሩ እስኪገባት ብዙ ማስረዳት አስፈለገ። ሲገባት ግን ሌላውን ሁሉ ትታ የተረፈውን እግሬን አገላብጣ ማየት ጀመረች።

ይኸው ዛሬ የትዕግሥት ባል ነኝ። ስለዚያች ቀን ሳስብ የሚገርመኝ ክፉ ነገር አስቤ አለማጥፋቴ ነው። ሰውን ላክብር ብዬ ነው ሰው ልገድል የነበረው። ያን ጊዜ አክብሮት ማለት ፈጥኖ መነሣት ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ለመሪጌታ አልነበረም የተነሣሁት፣ ሲያዩኝ እንዲያመሰግኑኝ ነበር። እናንተም ቤተ ክርስቲያን ስታልፉ መሪውን በሁለት እጃችሁ ለቃችሁ የምትሳለሙ የባጃጅ ነጂዎች፣ ስሙኝ። እኔ በእናንተ ውስጥ ራሴን ስለማየው ነው። አቁማችሁ ተሳለሙ። ደጁ የትም አይሄድም።

መሪጌታ አሁንም ሐይቁ ዳር በምሠራበት ይመጣሉ። አርባ እርምጃ ላይ ይቆማሉ። እኔ አወርዳለሁ፣ አጠፋለሁ፣ እጠብቃለሁ፣ እፈታለሁ፣ እወርዳለሁ። እሳቸው ፀሐይ ላይ ቆመው ይጠብቁኛል፤ ቸኩለው አያውቁም። ጥላቸውን እንድናስጠግንላቸው ትዕግሥት ብዙ ጊዜ ለምናቸዋለች፤ እምቢ አሉ። እናም በቆሙበት በዚያች ቀዳዳ ፀሐይ ትገባና ግንባራቸው ላይ ታርፋለች፤ ድንጋዩ ጥቂት ዝቅ ቢል ኖሮ የሚያርፈው ልክ እዚያ ላይ ነበር።